ያለ ሹመት ሥልጣን፦ የኤቫ ፔሮን ጉዳይ

ኤቫ ፔሮን ሚኒስትር ሆና አታውቅም። የምክር ቤት ወንበር አልነበራትም፤ ስሟ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ወጥቶም አያውቅም። ቢሆንም ከ1946 እስከ 1952 ድረስ በአርጀንቲና ከባሏ ከፕሬዚዳንት ሁዋን ዶሚንጎ ፔሮን ቀጥሎ የእሷን ያህል ቃሉ የሚሰማ ሰው አልነበረም። የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች ጉዳያቸውን ይዘው ደጇ ይጠናሉ፤ ሚኒስትሮች ፊቷን አይተው ይናገራሉ፤ ልጇ ጫማ ያጣባት እናት ደብዳቤ የምትጽፈው ለእሷ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊዎቿ ቅድስት አደረጓት፤ ጠላቶቿ ደግሞ ባሏን ተንተርሳ ቤተ መንግሥት የገባች ተዋናይት ብለው ናቋት። ሁለቱም ወገን ሴትዮዋ የሠራችውን ሥራ በቅጡ እንዳናይ ጋርደውብናል ብዬ አምናለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ሹመት የሌለው ሥልጣን ከምን ተሠራ፣ ባለቤቱ ስትሞትስ ምኑ ቀረ የሚለው ነው። ዛሬም በብዙ አገር የመሪ ሚስቶች የእርዳታ ድርጅት ያቋቁማሉ፣ ሆስፒታል ያስመርቃሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው የአርጀንቲና ብቻ አይደለም።

ከሎስ ቶልዶስ እስከ ራዲዮ

የተወለደችው ሜይ 7 ቀን 1919 ሎስ ቶልዶስ በምትባል የገጠር ከተማ ነው። እናቷ ሁዋና ኢባርጉሬን ከሁዋን ዱዋርቴ አምስት ልጆች ወልዳለች፤ ኤቫ የመጨረሻዋ ናት። ሰውየው ግን ቺቪልኮይ በተባለ ሌላ ከተማ በሕግ ያገባት ሚስትና ልጆች ነበሩት። የጊዜው ሕግ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ ለይቶ ይመዘግባል፤ መንደሩ ደግሞ ዲቃላ ይለዋል። 1926 ላይ ዱዋርቴ በመኪና አደጋ ሲሞት ሁዋና ልጆቿን ጥቁር አልብሳ ለቀብር ሄደች። የሕጋዊቷ ሚስት ወገኖች አናስገባም አሉ። ከክርክር በኋላ ሬሳውን ተሰናብተው ከኋላ እንዲከተሉ ተፈቀደላቸው። ኤቫ ያኔ ሰባት ዓመት አልሞላትም።

እናቲቱ በሲንጀር መኪና የሰው ልብስ እየሰፋች ልጆቿን አሳደገች። ኤቫ ኋላ የእርዳታ ድርጅት ስታቋቁም በገፍ ካደለቻቸው ዕቃዎች አንዱ የስፌት መኪና ነበር። ያለ አባት ልጅ ለምታሳድግ ሴት አንድ ስፌት መኪና ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የማንም ሪፖርት አላስፈለጋትም።

ጃንዋሪ 1935 ላይ በ15 ዓመቷ ቦነስ አይረስ ገባች። በማርች ወር በኮሜዲያ ቲያትር ቤት በአንዲት ትንሽ ሚና መድረክ ላይ ወጣች። የሚቀጥሉት ዓመታት የርካሽ ክፍል ኪራይና የሥራ ፍለጋ ነበሩ። ፊልምም ሠርታለች፤ ግን በፊልም ብቻ ብትቀር ዛሬ ስሟን የሚያነሳ ባልነበረ። ያወጣት ራዲዮ ነው። ከ1943 ጀምሮ በራዲዮ ቤልግራኖ የታላላቅ ሴቶችን ሕይወት በተከታታይ ድራማ ተጫወተች፤ አንድ ሳምንት የእንግሊዟን ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን፣ ሌላ ጊዜ የሩሲያዋን ታላቋን ካትሪንን ትሆናለች። በየቤቱ ልብስ እየተኮሰች፣ ድንች እየላጠች የምታዳምጥ ሴት ይህን ድምፅ ለመደችው። አደባባይ ላይ መቶ ሺህ ሰው ፊት ቆማ የምትናገርበት ያ የሚንቀጠቀጥ፣ ከእንባ አፋፍ የማይርቅ ድምፅ የተሠራው እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት የራዲዮ ሠራተኞችን ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ እንደነበረችም መዘንጋት የለበትም። የሠራተኛ ማኅበርን ጉዳይ ከፔሮን በፊት ታውቀዋለች።

1945

ጃንዋሪ 15 ቀን 1944 የሳን ሁዋን ከተማን የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሳት፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበረው ኮሎኔል ፔሮን አርቲስቶችን ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ጠራ። ጃንዋሪ 22 ሉና ፓርክ በተባለው አዳራሽ በተዘጋጀው ምሽት ከኤቫ ጋር ተቀራረቡ። እሱ 48 ዓመቱ፣ ሚስቱ የሞተችበት፤ እሷ 24 ዓመቷ።

በኦክቶበር 1945 የሥራ ባልደረቦቹ መኮንኖች ፔሮንን ከሥልጣን አውርደው ማርቲን ጋርሲያ ደሴት ላይ አሰሩት። ኦክቶበር 17 ቀን ከአቬያኔዳና ከቤሪሶ የሥጋ ፋብሪካዎች የወጣ ሠራተኛ ወደ መሀል ከተማ ተመመ፤ ድልድዮቹ ሲነሱበት ወንዙን በጀልባ የተሻገረም ነበር። ሌሊት ላይ ፔሮን ተፈትቶ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ንግግር አደረገ። በኋላ የተጻፈው አፈ ታሪክ ያን ሕዝብ ያስነሳችው ኤቪታ (ኤቫ በቁልምጫ ስሟ) ናት ይላል። ይህን አልቀበለውም። ሰልፉን ያደራጁት ማኅበራቱ ናቸው፤ እሷ ያኔ ማንንም የማዘዝ አቅም አልነበራትም። ክብሩን ከእነዚያ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች ወስዶ ለእሷ መስጠት ለሁለቱም አይበጅም።

በአምስተኛው ቀን ኦክቶበር 22 ሁኒን ከተማ ላይ ተጋቡ። በጋብቻው ወረቀት የትውልድ ዘመኗ 1922 ተብሎ ሰፈረ፤ ስሟም ማሪያ ኤቫ ዱዋርቴ ሆነ፣ በሕግ እንደተወለደች ልጅ። ፌብሩዋሪ 1946 ላይ ፔሮን ምርጫ አሸነፈ።

ከሰዓት በኋላ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ

የአርጀንቲና የቀዳማዊት እመቤትነት ልማድ ሪባን መቁረጥና ሻይ መጋበዝ ነበር። የድሆችን ጉዳይ ከ1823 ጀምሮ የያዘው የከበርቴ ቤተሰብ ወይዘሮዎች የሚመሩት የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ማኅበሩ የሚያሳድጋቸው ወላጅ አልባ ልጆች ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በየጎዳናው ገንዘብ ሲለምኑ ይታዩ ነበር። መንግሥት በ1946 ማኅበሩን ወረሰው። ኤቪታ ደግሞ የባሏ የድሮ መሥሪያ ቤት በነበረው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አንድ ቢሮ ያዘች።

እዚያ የሚሆነውን ያዩ ሰዎች የጻፉት ተመሳሳይ ነው። ኮሪደሩ በሰው ይጨናነቃል፤ ሕፃን የያዙ እናቶች፣ ከገጠር የመጡ ሽማግሌዎች፣ የማኅበር ልዑካን፣ አንዳንዴም ተራ የሚጠብቅ አምባሳደር። ባለጉዳዩ ቀርቦ ያጣውን ይናገራል። እሷ ትጠይቃለች፦ ስንት ልጆች አሉሽ? የምትተኙት የት ነው? አልጋ አላችሁ? አንዲት ሴት ቤት ፈልጋ ትመጣና ቤት፣ ፍራሽ፣ የልጆች ጫማ የተጻፈበት ወረቀት ይዛ ትወጣለች። ለመመለሻ መሳፈሪያ ከሌላት ጥሬ ገንዘብ እዚያው ይሰጣታል። ቁስል ያለበትን ሰው አቅፋ ትስማለች፤ ረዳቶቿ አልኮል ይዘው ሊጠርጉላት ሲመጡ ትቆጣለች። ይህ እስከ ሌሊት ይዘልቃል።

በ1948 የተቋቋመው የኤቫ ፔሮን ፋውንዴሽን የዚያ ጠረጴዛ ቅጥያ ነበር። በአጭር ጊዜ ከአገሪቱ ትልልቅ ተቋማት አንዱ ሆነ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩት። ሆስፒታሎች፣ የነርሶች ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ከገጠር ለሚመጡ ሴቶች ማረፊያ፣ ለሕፃናት ከነሙሉ ቁመናዋ የተሠራች ትንሽ ከተማ ገነባ። እንደ ሆስፒታል የሚሠራ ባቡር ወደ ክፍለ አገር ላከ። እኔ ከሁሉ የማደንቀው የልጆቹን የእግር ኳስ ውድድር ነው። ማልያና ጫማ ከፋውንዴሽኑ ይሰጣል፤ ለመጫወት ግን እያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ በሐኪም መታየት ነበረበት። በአገሪቱ ያሉ የድሃ ልጆች ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ያያቸው ኳስ ለመጫወት ብለው ነው። ኳስን እንዲህ ለክትባትና ለራጅ ምርመራ መጥሪያ ያደረገ ሰው የድሃ ቤትን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ከፊሉ በበጎ ፈቃድ የመጣ ነው። ከፊሉ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጥ፣ ከቁማር ቤትና ከሎተሪ ገቢ የሚመጣ ነበር። ነጋዴውም ይጠየቃል፤ እምቢ ማለት ግን ያስፈራል። ፋውንዴሽኑ ለወሰደው ከረሜላ ክፍያ የጠየቀ አንድ ፋብሪካ የጤና ተቆጣጣሪዎች ተልከውበት ተዘጋ እየተባለ በሰፊው ይነገራል። ሂሳቡን ከውጭ የሚመረምር አካል አልነበረም። ኤቪታ የምትሰጠው እርዳታ ምጽዋት ሳይሆን መብት ነው እያለች ትናገር ነበር፤ ከልቧ እንደነበረም አልጠራጠርም። ግን መብት ከሆነ በሕግ ተጽፎ፣ ኤቪታን ለማያውቀውም፣ ለማይወዳትም ሊደርስ ይገባው ነበር። በእሷ እጅ ያለፈው ነገር ሁሉ የእሷ ስምና ፎቶ አለበት። ስሟን የማይወድ ጋዜጣ ደግሞ አልተረፈም፤ ስመ ጥሩው ላ ፕሬንሳ በ1951 ተወርሶ ለሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተሰጠ። በዚያው ዓመት በስሟ የታተመው መጽሐፍ ቆይቶ በየትምህርት ቤቱ ግዴታ ሆነ።

የ1947ቱን የአውሮፓ ጉዞዋን ብዙ ሰው ያነሳዋል፤ የስፔኑ አምባገነን ፍራንኮ ኒሻን ሰጣት፣ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ ጋር ተገናኘች፣ ልብሷ የጋዜጣ ወሬ ሆነ። ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ከጉዞው ስትመለስ ጌጣ ጌጡን እየተወች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ፣ የሥራ ልብስ ለብሳ መታየት መጀመሯ ብቻ ነው።

ድምፁ

የሴቶች የመምረጥ መብት ትግል በኤቪታ አልተጀመረም። ሁሊዬታ ላንቴሪ የተባለች ሐኪም በ1911 በቦነስ አይረስ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ድምፅ ሰጥታለች፤ ደንቡ ዜጋ ይላል እንጂ ወንድ አይልምና። ወዲያው ምዝገባው ከውትድርና መዝገብ ጋር እንዲያያዝ ተደርጎ በሩ ተዘጋ። ሶሻሊስቷ ሐኪም አሊሲያ ሞሮ ደ ሁስቶ ዕድሜዋን ሙሉ ታገለች። በ1932 ረቂቁ የተወካዮች ምክር ቤትን አልፎ ሴኔት ውስጥ ታፍኖ ቀረ። በ1945 ፔሮን መብቱን በአዋጅ ሊሰጥ ሲነሳ ጸሐፊዋ ቪክቶሪያ ኦካምፖና ጓደኞቿ ከወታደራዊ መንግሥት እጅ አንቀበልም አሉ። አቋማቸው የመርህ ነበር፤ ግን ፋብሪካ ለምትውለው ሴት መርሁ እንዴት እንደሚደርሳት አላሰቡበትም። ደግሞም የእነዚህ ሴቶች ስም በኤቪታ ፎቶ ተሸፍኖ መቅረቱ ግፍ ነው።

ኤቪታ ያደረገችው ጉዳዩን ከሳሎን አውጥታ ራዲዮ ላይ ማዋል ነው። ከጃንዋሪ 1947 ጀምሮ በተከታታይ ተናገረች፤ የምክር ቤት አባላቱን ወተወተች። ሕግ ቁጥር 13,010 ሴፕቴምበር 23 ቀን 1947 በአደባባይ ታወጀ። ብዙ ጸሐፊ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ እኔ ግን ትልቁ ሥራ ከዚህ በኋላ ያለው ይመስለኛል። ወንዱ በውትድርና ምዝገባ የሚያገኘው መታወቂያ ደብተር አለው፤ ሴቷ ምንም የላትም። ሚሊዮኖች ተመዝግበው ደብተር ማግኘት ነበረባቸው። ጁላይ 1949 ላይ የሴቶች ፔሮናዊ ፓርቲ ሲመሠረት ኤቪታ 23 ሴቶችን መርጣ ወደ ክፍለ አገራቱ ላከች። ቤት ለቤት እየዞሩ አንኳኩ፤ ስም ጻፉ። በየሰፈሩ የከፈቱት ቢሮ ውስጥ ወንድ አይገባም፤ ማንበብ፣ ስፌት፣ የጽሕፈት መኪና ይማሩበታል፤ ልጅ ይዞ መምጣት ይቻላል። ባል ሚስቱን ወደ ፖለቲካ ስብሰባ አልልክም ቢል፣ ስፌት ልትማር መሄዷን አይከለክልም። ይህን ያሰበች ሴት ስልት አዋቂ ናት። በሌላ በኩል የፓርቲው ምሰሶ ለፔሮን ያለ ጥያቄ መታመን ነበር፤ መሪ የሚሾመውም የሚሽረውም እሷ ብቻ ናት።

ኦገስት 22

በ1951 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ኤቪታ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ትቅረብ አለ። ኦገስት 22 በቦነስ አይረስ ሰፊው የጁላይ 9 ጎዳና ላይ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። እሷ መልስ አልሰጥ አለች። ጊዜ ስጡኝ ብላ ለመነች፤ ሕዝቡ አሁኑኑ አለ። እስከ ነገ አለች፤ አሁኑኑ አሉ። ጥቂት ሰዓት ብላ ለመነች። ጨልሞ ችቦ እስኪበራ ድረስ ንግግሩ በመድረክና በጎዳና መካከል ተመላለሰ። በመጨረሻ ሕዝቡ የሚለውን አደርጋለሁ አለች፤ ሰዉም እሺ አለች ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ኦገስት 31 በራዲዮ እጩነቱን እንደማትቀበል ተናገረች።

ለምን? ጦሩ አልፈለጋትም። ፕሬዚዳንቱ ቢሞት አንዲት ሴት፣ ያውም የተዋናይነት ታሪክ ያላት፣ የጦር ኃይሎች የበላይ አዛዥ ልትሆን ነው፤ መኮንኖቹ ይህን አይውጡትም። ሴፕቴምበር 28 ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ቁጣቸው የት እንደደረሰ ያሳያል። ፔሮንም አልገፋላትም። በዚህ ላይ ታማ ነበር። በ1950 መጀመሪያ ራሷን ስታ ወድቃ ትርፍ አንጀት ተብሎ ተቀደደች፤ የማኅፀን በር ካንሰር እንደነበረባት የታወቀው ዘግይቶ ነው። ኖቬምበር 1951 ላይ ከኒውዮርክ የመጣው ሐኪም ጆርጅ ፓክ በስውር ቀዶ ሕክምና አደረገላት፤ ማን እንደቀደዳትም ሕመሟ ምን እንደሆነም አልተነገራትም። ሚሊዮኖችን ስለ መብታቸው ያስነሳች ሴት ስለ ገዛ አካሏ እውነቱን ተከለከለች። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ እናደዳለሁ።

ኖቬምበር 11 የምርጫ ሣጥኑ አቬያኔዳ ሆስፒታል አልጋዋ ድረስ መጣላትና ድምፅ ሰጠች። የዚያን ቀን 3.8 ሚሊዮን ገደማ ሴቶች መረጡ፤ ወደ 64 በመቶ የሚሆኑት ድምፃቸውን ለፔሮን ሰጡ። 23 ሴቶች የተወካዮች ምክር ቤት፣ 6 ሴቶች ሴኔት ገቡ፤ ሁሉም ከእሷ ፓርቲ። ስማቸውን የመረጠችው እሷ ናት፤ የራሷ ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጁላይ 26 ቀን 1952 ሞተች፤ 33 ዓመቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ

በሴፕቴምበር 1955 ጦሩ ፔሮንን ገለበጠ። አዲሱ መንግሥት በማርች 1956 አዋጅ ቁጥር 4161ን አወጣ፤ የፔሮንንና የኤቪታን ስም መጥራት፣ ፎቷቸውን መስቀል በእስራት የሚያስቀጣ ሆነ። ሬሳዋ እንኳ አላረፈም፤ ከማኅበራቱ ሕንፃ በሌሊት ተወስዶ፣ ከዓመት በላይ ሲደበቅ ቆይቶ፣ በ1957 ሚላን ውስጥ በሌላ ሴት ስም ተቀበረ። ቦነስ አይረስ ሬኮሌታ መካነ መቃብር የገባው በ1976 ነው።

ፋውንዴሽኑ ፈረሰ። ስሟ የታተመበት አንሶላና ብርድ ልብስ ተቃጠለ። የሕፃናት ማሳደጊያዎቹን የመረመረው ኮሚሽን ካገኛቸው ጥፋቶች አንዱ ልጆቹ ዶሮና ዓሣ መመገባቸው፣ ልብሳቸውም ቶሎ ቶሎ መቀየሩ ነበር፤ ለድሃ ልጅ ይህ ቅንጦት ነው ተባለ። በዋርነስ ጎዳና የተጀመረው ግዙፍ የሕፃናት ሆስፒታል ሳያልቅ ቆመ። ለአሥርት ዓመታት ቤት ያጡ ሰዎች ኖሩበት፤ ማርች 1991 ላይ በፈንጂ ፈረሰ። ጥፋቱ የአፍራሾቹ መሆኑ አያጠያይቅም። ግን አንድ ትእዛዝ ሁሉንም ሊያፈርስ የቻለው ሁሉም በአንድ ሰው ፊርማ የቆመ ስለነበር ነው። ሆስፒታሉ በበጀት ሕግ፣ ማሳደጊያው በማኅበራዊ ዋስትና ሥር ቢሆን ኖሮ ገልባጮቹ እያንዳንዱን ለየብቻው መታገል ነበረባቸው።

የፔሮን ሦስተኛ ሚስት ኢዛቤልም ከመድረክ የመጣች ናት፤ ዳንሰኛ ነበረች። ለኤቪታ የተከለከለው ምክትል ፕሬዚዳንትነት በ1973 ለእሷ ተሰጣት፤ ጁላይ 1974 ፔሮን ሲሞት በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። በየሰፈሩ ቢሮ የከፈተችለት፣ ደብዳቤውን ያነበበችለት ሕዝብ ግን አልነበራትም። ማርች 1976 ላይ ጦሩ ሲያወርዳት ለእሷ ብሎ ድልድይ የተሻገረ አልተገኘም።

የመምረጥ መብቱን ግን ገልባጮቹ አልነኩትም። ደብተሩ በየሴቷ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ስሟን መጥራት ወንጀል በሆነበት በ1957፣ ለሕገ መንግሥት ጉባኤ ተወካዮች ሲመረጡ ሴቶቹ እንደ ወንዶቹ ተሰልፈው ድምፅ ሰጡ። የዋርነስ ሕንፃ በፈረሰበት በ1991 ደግሞ፣ በኖቬምበር ወር፣ የአርጀንቲና ምክር ቤት ፓርቲዎች በእጩዎቻቸው ዝርዝር ቢያንስ 30 በመቶ ሴቶችን እንዲያካትቱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።